ልጄ ስትተኛ

ጥቅምት 5

ሰኞ። እንደ ሌላው ሰኞ። ሚጢ ካልሲ አላደርግም ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። አባቷ የመኪና ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ ቤቱን አተራመሰው... ኪሱ ውስጥ ተገኘ። "ቤት ስለምትውዪ አይተሽው ይሆናል ብዬ እኮ ነው" አለኝ። ቤት ስለምውል የሰው ኪስ ውስጥም እውላለሁ እንዴ?

ምሳ ሩዝ በካሮት። ካሮቱን አንድ በአንድ ለቅማ ከሳህኑ ዳር ደረደረችው። አልተጨቃጨቅኩም። ከዚያ የተለመደው፦ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ መጋረጃ፣ ያቺው አንዷ ዘፈን፣ በሩን ስንዝር ያህል ክፍት መተው። ያቺን አሮጌ አሻንጉሊቷን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ እጇን ጉንጯ ሥር ከተተች፣ እፎይ ብላ ትንሽ ተነፈሰች። ተኛች። አራት ዓመት ሊሞላት ነው። በዚህ ዕድሜ ቀን የሚተኛ ልጅ ያላት እናት ሎተሪ እንደወጣላት ትቁጠረው።

ላፕቶፔን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ማጠቢያው በሳህን ተሞልቷል። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሕግ ነው፤ ልጅ ሲተኛ ዕቃ አይታጠብም። ብሎጌ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ሰው የያዘልኝ ይቺን ነው። አንዷ አንባቢዬ ፍሪጇ ላይ ለጥፋዋለች። ቤት የምትውል እናት የራሷ የምትለው ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሳህን ከሰጠችው አለቀላት...

ብሎጉ "ልጅ ሲተኛ" ይባላል። ስሜ የለበትም። "የሚጢ እናት" ነው የሚለው። ሐኪም ቤት የሚጢ እናት፣ ጎረቤት የሚጢ እናት። ስሜን የሚያስታውሰው መታወቂያዬ ብቻ ነው።

ጥቅምት 8

"ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?"

በሩን ሳይዘጋ፣ ዓይኑን ማጠቢያው ላይ ተክሎ። ስድብ አይደለም። ስድብ ቢሆን እኮ መልስ አለው። እሱ የምሩን ነው፤ ማወቅ ፈልጎ ነው የሚጠይቀኝ።

"ጻፍኩ።"

"ጎሽ። ሌላስ?"

ሌላማ... ልጅ አለበስኩ፣ አበላሁ፣ አጠብኩ፣ ከሶፋ ሥር እርሳስ አወጣሁ፣ ከአፏ የሸሚዝ ቁልፍ አወጣሁ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ተረት አወራሁ። ይሄ ሁሉ ሲመሽ የት እንደሚገባ እንጃ። እሱ መንገድ ነው የሚሠራው፤ የሠራው ነገር በነጋታውም እዚያው ይጠብቀዋል። የኔ ጠዋት ጠዋት ከሀ ይጀምራል። "ሌላ የለም" አልኩት።

ጥቅምት 12

አማቴ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ጣታቸውን መደርደሪያው ላይ አሳለፉት። አቧራውን አዩና ምንም አላሉም። አለማለታቸው ነው የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ሚጢን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊቷን ወዲህ ወዲያ እያዞሩ አዩ።

"ይቺ ልጅ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እንቅልፍ አልጠገበችም።"

"ኧረ እማማ! በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትተኛለች እኮ። ሰው ሁሉ የሚቀናባት ልጅ ናት።"

"እንጃ ልጄ... እንቅልፍ የጠገበ ልጅ ፊቱ እንዲህ አይደለም።"

ስምንት አሳድጌያለሁ ይላሉ። ያሳደገቻቸው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ ራሷ ነች የነገረችኝ። እሳቸው ሱቃቸው ነበር የሚውሉት። ታዲያ በር ላይ ሲደርሱ "ኮምፒዩተር ልጅ አያሳድግም" ብለውኝ ወጡ። ሱቅስ ያሳድጋል? ይሄ መልስ የመጣልኝ ግን ደረጃውን ወርደው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ጥቅምት 19

ፋርማሲ ወረፋ ላይ ጥርሶን አገኘኋት። ማተሚያ ቤት አብረን አራሚ ነበርን። በሆነው ባልሆነው ስለምትስቅ ጥርሶ ነበር የምንላት። አራት ነጥብ የት እንደሚገባ እኔ ነኝ ያሳየኋት። አሁን የአራሚዎች ክፍል ኃላፊ ሆናለች። ልወልድ ስወጣ "አታስቢ፣ ወንበርሽ ይጠብቅሻል" ያሉኝ ወንበር ላይ... ጠበቀኝ። ጥርሶን አስቀምጦ ጠበቀኝ።

"አንቺስ? አሁንም ቤት ነሽ አይደል? ታድለሽ!"

ታድለሽ አለችኝ። ሚጢ ሚዛኑ ላይ እየወጣች እየወረደች ትጮሃለች፣ እኔ እጇን ይዤ እጎትታለሁ፣ ታድዬ። ሳቅኩላት። ምን ላድርግ?

ቤት ገብቼ ሚጢን አስተኝቼ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ። አወራሁ፣ አወራሁ፣ አልወጣልኝ አለ። መጨረሻ ላይ እየሳቅኩ፦ "ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ።"

"ተይ አንቺ! እንዲህ አይባልም!"

"ማን ይሰማኛል? ተኝታለች።"

"አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አለችኝ። የቤታችን ተረተኛ እሷ ናት። ስልኩን ዘግቼ ስለ ትዕግሥት አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ወጣልኝ።

ጥቅምት 23

ሚጢ ምሳ ላይ፦ "እማ፣ የክፍል ኃላፊ ጥሩ ነገር ነው?"

"ጥሩ ነው። ምነው?"

"ምንም።"

አባቷ ከሥራ ሲገባ አፉ ከኃላፊው ላይ አይወርድም፤ ከእሱ ለቅማው ነው። ልጅ ፊት ወሬ አታብዛ ልለው ይገባል።

ኅዳር 3

ስለ ቀን እንቅልፍ የጻፍኩት ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። የማላውቃት ሴት ሁሉ እየጻፈችልኝ ነው። ሌላ ጥበብ የለውም እኮ፤ ሚጢን እንዴት እንደማስተኛት ነው አንድ በአንድ የነገርኳቸው። እርጥቡን ጨርቅ። ዘፈኑን። በሩን ስንዝር ክፍት ተዉት፤ ከተዘጋ ልጁ የተጣለ ይመስለዋል፣ ወለል ካለ ደግሞ ተነስቶ ይመጣል። እና መጨረሻው፦ "እፎይ ስትል ስትሰሙ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ያኔ ተኝታለች።"

አንዷ "ስንት ጊዜዬ ነው፣ ዛሬ ረጋ ብዬ ፀጉሬን ታጠብኩ" ብላ ጻፈችልኝ። አለቀስኩ። የሞኝ ለቅሶ። ለአባቷ አነበብኩለት።

"ፀጉር መታጠብ ደግሞ ዜና ነው?" አለ።

ኅዳር 9

ሚጢ እራት ላይ አንቀላፋች። ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ! ግንባሯ ሾርባው ውስጥ ሊነከር ሲል ያዝኳት። ከሰዓቱን ሙሉ ተኝታ ውላ... ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ እንቅልፍ ነው? ስቀሰቅሳት ተነጫነጨች፣ ሳህኑን ገፋችው፣ አለቀሰች። አባቷ ደም ማነስ እንዳይሆን አለ። አማቴ ይሄን ባላዩልኝ።

ኅዳር 11

ሐኪም ቤት። ዶክተሩ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ጀርባዋን አዳመጠ።

"ቀን ትተኛለች?"

"በየቀኑ።"

"ጎበዝ።"

ለማን እንዳለው ባላውቅም ለራሴ ወሰድኩት። ምንም የላትም።

ኅዳር 18

አንድ የፍራሽ ፋብሪካ ማስታወቂያ የምታሠራለት ሴትዮ ላከ። ሴትዮዋ ሁሉ ነገር አሪፍ ነው። መጋረጃው አሪፍ፣ ሻዩ አሪፍ፣ ቀለሙ የተላጠው ግድግዳ ሳይቀር "የእውነት ቤት ይመስላል፣ አሪፍ ነው"። አሪፏ ብያታለሁ። የእውነት ቤት መሆኑን ግን ልነግራት ፈልጌ ነበር።

የፈለገችው አጭር ፊልም ነው። ሚጢ በእነሱ ፍራሽ ላይ ስትተኛ፣ እኔ በእግሬ ጣት ቆሜ ስወጣ፣ ላፕቶፔ ፊት ስቀመጥ። ከዚያ በኋላ ብሎጉን ይደግፉልኛል፤ ገና ደግሞ ሌላም ሌላም...

"እኛ እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ ነው የምንፈልገው" አለችኝ።

ያልሰማሁ መስዬ "ምን አሉኝ?" አልኳት። ደግማ ብትልልኝ ብዬ ነው። ደገመችልኝ።

ኅዳር 20

አባቷ ውሉን ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደገና አነበበው።

"ይሄ እኮ የምር ሥራ ነው!"

እስከ ዛሬ የነበረውስ? አልጠየቅኩትም። ተነሳ፣ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ሳህን አጠበ። ብርጭቆዎቹ ላይ ሳሙና ቀርቷል። እሱ ሲተኛ በድጋሚ አለቅልቃቸዋለሁ። ፈረምኩ።

ታኅሣሥ 6

ቀረጹ።

ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ገመድ በገመድ ሆነ። ካሜራማኑ ረጅም ነው፤ የመብራት ሠራተኛው ደግሞ ጫማውን ላለማውለቅ ተከራከረኝ። አዲሱ ፍራሽ አልጋው ላይ ወጣ። ይሄ ሁሉ ሰው ባለበት ልጅ እንዴት ይተኛል? ባትተኛስ? ባለሙያ የተባልኩት በእሷ እንቅልፍ ነው!

አሪፏ "ካልተኛችም ዓይኗን ብትጨፍን ይበቃናል" ብላ አጽናናችኝ።

እግሯን ጠረግኩ። ዘፈኑን ዘፈንኩ። ወደ ግድግዳው ዞረች። እጇ ጉንጯ ሥር ገባ። እፎይ አለች። ተኛች! ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። በጣቴ ቆሜ ወጣሁ። አሪፏ ከኮሪደሩ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ መብራቱ ጠፋ። ካሜራማኑ ቀስ ብሎ፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ፣ "ወይኔ... እንደገና ነው" አለ።

ከአልጋው ላይ የሚጢ ድምፅ መጣ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። ፊቷም ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው።

"ከእግሬ ነው ወይስ ከዘፈኑ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካሜራማኑ ጉልበቱን ይዞ ነው የሳቀው። "ይቺ ተዋናይ ናት! ማን አስተማራት?" አሪፏማ "አሪፍ! አሪፍ!" እያለች ሳመቻት።

ደግመው ቀረጹ። ደግመው። ሁሌም ያው፦ ግድግዳው፣ እጁ፣ እፎይታው። የተለየ ነገር የለውም። ትናንት ከነበረው የተለየ ነገር የለውም፣ ከትናንት ወዲያም ከነበረው... ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ በር ላይ ቆምኩ።

ታኅሣሥ 7

ፀጉሯን እያበጠርኩ ጠየቅኳት። ፊቷን እንዳላይ ከኋላዋ ሆኜ።

"ትናንት ተኝተሽ ነበር?"

"አዎ።"

"የእውነት?"

"እንደ ሁልጊዜው።"

"እንደ ሁልጊዜው እንዴት ነው?"

"ዓይኔን እጨፍናለሁ። እፎይ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ትሄጃለሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም።"

"አይሰለችሽም?"

"ይሰለቸኛል።" አሻንጉሊቷን አነሳች። ስታስተኛት ዓይኗ የሚከደን ነበረች፤ አሁን አንዱ ተበላሽቶ አይከደንም። "እሷ አንድ ዓይኗ እንቢ ይላል። በጣቴ እይዝላታለሁ።"

"ታዲያ ሚጢዬ፣ እንቅልፍ አልመጣም ብለሽ ለምን አትነግሪኝም?"

ዞር አለችና ፊቷን እንዲህ አደረገች። ቅንድቧ ወረደ፣ ከንፈሯ ተጣበቀ፣ አንገቷ ወደ ጎን... የማን ፊት እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። በየቀኑ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

"ስነሳ እንዲህ ትሆኛለሽ" አለች። "ስተኛ ግን ትስቂያለሽ። እሰማሻለሁ።"



ታኅሣሥ 8

እሰማሻለሁ...

በሩ ስንዝር ክፍት። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ከአልጋዋ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም። ከአባቷ ጋር በስልክ የተጣላነውን ሰምታለች። ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩትን ሰምታለች። አማቴን ለብቻዬ እያጉረመረምኩ የሰደብኳቸውን። ለእህቴ ያልኩትን...

አይ። እሱን እንኳ ረስታዋለች። ልጅ ይረሳል። ልጅ አይረሳም እንዴ?

ታኅሣሥ 9

የክፍል ኃላፊ ጥሩ ነገር ነው ወይ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጥሩ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 14

ለአባቷ ነገርኩት። ሳቀ። "ብልጥ ናታ! በማን ወጣች?"

"አታስቀኝ። በየቀኑ ጨለማ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውለው!"

"አርፋ ተኝታ እኮ ነው። ምን ጎደለባት?" ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ለፋብሪካው ሰዎች እንዳትነግሪ።"

ነግሬያቸው ነበር። ጠዋት ለአሪፏ ደውዬ፣ ልጄ የእውነት አልተኛችም፣ ፊልሙን አታውጡት ብዬ ለመንኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በለሆሳስ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች፦ "የኔ እህት፣ ማስታወቂያ ላይ የእውነት የተኛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እርስዎ ማለቷ ቀርቷል። ፈርሜያለሁ አይደል?

ጥር 4

ወጣ። የላይኛዋ ጎረቤት ደረጃ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ጥርሶ ሳትቀር ደወለች፤ "ታዋቂ ሆንሽ አይደል!" ሳቋ ግን አጠር ያለ ነበር። ይሄን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ? አሁን መጣና የሚዋጥ አልሆነም።

አማቴ መጥተው ከአባቷ ስልክ ላይ አዩት። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ሁላችንም ምን ይሉ ይሆን ብለን ጠበቅን።

"አልተኛችም እኮ" አሉ።

አባቷ "እማዬ ደግሞ!" ብሎ ስልኩን ተቀበላቸው። እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ሱቅ እየዋሉም ቢሆን ያወቁት ነገር አለ ለካ። ሁሌ የሚተዉትን ሻይ ዛሬ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ጥር 9

ከአንባቢ፦ "የኔም ልጅ ልክ እንደ ሚጢ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እፎይ ብሎ፣ ጸጥ ይልልኛል። ተባረኪ።"

ጸጥ ይልልኛል... ስንት ቤት ነው አሁን በሩ ስንዝር ክፍት የሆነው?

ቁጭ ብዬ እውነቱን ጻፍኩ። አጠር አድርጌ። ልጄ አልተኛችም ነበር፤ እናንተም ገብታችሁ እዩ አልኩ። ለጠፍኩት። ከሰዓት ስመለስ የሳቅ ምልክት በሳቅ ምልክት። "ሃሃ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ዋናው ዝም ማለቱ ነው!" አንዷ ደግሞ "ስትቀልጂ ደስ ትያለሽ" አለችኝ። ላፕቶፑን ከደንኩት። ሳህን አጠብኩ።

ጥር 16

አሪፏ ደወለች። ፋብሪካው ለእናቶች የራሱ ገጽ ሊከፍት ነው። የሚመራው ሰው ይፈልጋሉ።

"የእናቶች ክፍል ኃላፊ ትሆኛለሽ። እዚያው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ። አሪፍ አይደለም?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኃላፊ። የራሴ ስም፣ የራሴ ደመወዝ፣ ማንም ምን ስትሠሪ ዋልሽ የማይለኝ...

"ሚጢ ደግሞ በየወሩ አንድ አንድ ፊልም። እንቅልፏን ሰው ወዶታል። ሳታድግብን!"

ሚጢ ያኔ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አሻንጉሊቷን በእግሯ ዘቅዝቃ ይዛታለች። እኔ በስልክ ሳወራ መግባት እንደሌለባት ታውቃለች፤ ማን እንዳስተማራት እኔም አውቃለሁ።

"ላስብበት" አልኩ።

ጥር 17

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ቆጡ ይሄው እጄ ላይ ወረደልኝ። የብብቴስ?

ጥር 20

አይሆንም አልኳት። አሪፏ ለመጀመሪያ ጊዜ አሪፍ ሳትል ስልኩን ዘጋችው።

አባቷ ቀልዴን መሰለው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው፦ "ዕድሜሽን ሙሉ የተመኘሽውን? በገዛ እጅሽ? ልጅ እኮ ነች፣ ነገ ትረሳዋለች!"

"አትረሳም።"

"ምኑን?"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ለእህቴ ያልኩትን ቃል ለእሱ መድገም... ይቺ ልጅ ባትኖር... አልወጣም። እሱም እብድ ናት ብሎ ተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህን አልነካም። ምን ስትሠሪ ዋልሽም አይለኝም። እሱንም ተወው።

ጥር 28

ብሎጉ ላይ ከጻፍኩ ሰነበትኩ። ጥቂቶች የት ጠፋሽ ይላሉ። ሌላ የሚጽፍ ያገኛሉ።

እርጥብ ጨርቅ ትቻለሁ። ዘፈን ትቻለሁ። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ "ሚጢዬ፣ ዛሬ አንተኛም፣ ነይ እንጫወት" እላታለሁ። በየቀኑ በጥርጣሬ ታየኛለች።

ዛሬም።

"ሥራሽስ?"

"ሥራ የለኝም።"

"አሞሻል?"

"አላመመኝም። ከአንቺ ጋር መሆን ፈልጌ ነው።"

ከዚያ አሻንጉሊቷን ይዛ በራሷ ጊዜ ወደ አልጋዋ ሄደች። መጋረጃውን ራሷ ሳበች። "ሥራሽን ሥሪ እማዬ፣ እኔ እተኛለሁ" አለች። እንደ ትልቅ ሰው። የሚያሳዝነው ደግሞ ልታስደስተኝ ብላ ነው።

ተከትያት ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ይቅርታ ይባላል ለልጅ? ስለ ምን ብዬ ልጀምር? የሰማሽውን አልሰማሽም ልበላት? ዝም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሳታየኝ ታውራኝ ይሆናል ብዬ።

አላወራችም። ቆየት ብላ ፊቴ ላይ እፍ አለች። አልተንቀሳቀስኩም። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳበችልኝ። ከአልጋው ወረደች፣ በጣቷ ቆማ ወጣች። በሩን ስትስበው ሰማሁ። አልዘጋችውም። ስንዝር ተወችው።

ከዚያ ከወጥ ቤቱ በኩል ድምፅ መጣ። አሻንጉሊቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኝታታለች መሰለኝ። "እግርሽን ልጥረግልሽ... ዓይንሽን ጨፍኚ። ሁለቱንም! ሁለቱንም አልኩ እኮ!" ዘፈኑን ዘፈነችላት፣ ግማሹን። እፎይ አለችላት።

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ሚጢ ስልክ ማውራት ጀመረች። በኔ ድምፅ። በኔው አነጋገር፣ በኔው "እኮ"።

"ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ እኮ የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ።"

ሳቀች። የኔን ሳቅ፣ ያን ቀን የሳቅኩትን።

ከዚያ ዝም አለች፤ በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እየተቆጣት ነው። መለሰችለት፦

"ማን ይሰማኛል? ተኝታለች።"

ልነሳ ነበር። ሮጬ ላቅፋት ነበር። ከተነሳሁ ግን መስማቴን ታውቃለች... እሷ ያን ቃል መስማቷን ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቃኛለች።

ኮቴዋ ኮሽ ኮሽ እያለ ወደ በሩ መጣ። ቆመች። በስንዝሯ ክፍተት እያየችኝ ነው።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እጄን ጉንጬ ሥር አደረግኩ። እፎይ አልኩላት።

ቀስ ብላ ሄደች።